ፈተና የሌለበት አድማጭ፦ የተጋባዥ ንግግር ጥራትና ዓይነት ከመዝናኛ መርከብ እስከ ጊዳ አያና

(በጊዳ አያና ከተማ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ጽሑፍ)



 አብሮኝ የመጣው ባልደረባዬ ንግግሬን አንቀጽ በአንቀጽ ወደ አፋን ኦሮሞ ይመልሰዋል። የቋንቋውን ጉዳይ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ከዛሬው ርእስ ውጭ አይደለምና።

ርእሴ የተጋባዥ ንግግር ነው፤ ማለትም አንድ ሰው ከሌላ ቦታ ተጋብዞ፣ ተማሪዎቹ ላልሆኑ ሰዎች፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ስለሚያውቀው ነገር የሚናገረው ንግግር። ይህን ጉዳይ ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከመዝናኛ መርከብ፣ መጀመር እፈልጋለሁ። የባሕር በር በሌላት ሀገር፣ መርከብ በማያውቀው በአንገር ወንዝ አካባቢ ተቀምጦ ስለ መርከብ ማውራት እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የተጋባዥ ንግግር ጥራት ምን እንደ ሆነ ገበያው ራሱ አስገድዶ ካስተማራቸው ቦታዎች አንዱ መርከብ ነው። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች በበኩላቸው በየከተማው የሚያደርጉትን ንግግር ጥራት እስካሁን የሚለካ አላገኙም። ሁለቱን ማነጻጸር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

መርከቡና ተናጋሪው

የመዝናኛ መርከብ ማለት ሰዎች ለመዝናናት ብለው የሚሳፈሩበት ተንሳፋፊ ሆቴል ነው። መርከቡ ከወደብ ወደ ወደብ ሲሄድ አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ከውኃ በቀር ምንም አይታይም። በእነዚህ ቀኖች መንገደኛው ምን ያድርግ? ምግብ አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ መዋኛ አለ፣ ጨዋታ አለ። ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ ትምህርታዊ ንግግር አለ። የታሪክ ምሁር ስለሚቀጥለው ወደብ ይናገራል፤ የባሕር ሕይወት ተመራማሪ ስለ ዓሣ ነባሪ ይናገራል፤ ጡረታ የወጣ ዲፕሎማት፣ ጋዜጠኛ ወይም የሕዋ ባለሙያ ስለ ሥራው ይናገራል።

ልማዱ ከተራ መዝናኛነት የተለየ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በእንግሊዝ ሀገር የግሪክን ጥንታዊ ሥልጣኔ የሚያጠኑ ሰዎች የጥንቱን ከተሞች ፍርስራሽ በዓይናቸው ማየት ፈለጉ። ስዋን የተባለው የጉዞ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1954 መርከብ ተከራይቶ ጉዞውን ሲያዘጋጅ፣ አስጎብኚ በመቅጠር ፈንታ ምሁራንን አሳፈረ። ስመ ጥሩው የአርኪዮሎጂ ሊቅ ሰር ሞርቲመር ዊለር በእነዚያ ጉዞዎች ከታወቁት ተናጋሪዎች አንዱ ነበር። ስዋን ሄለኒክ የተባሉት እነዚህ ጉዞዎች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የቆዩት መንገደኛው ከምግቡና ከአልጋው ይልቅ ንግግሩን ፈልጎ ይከፍል ስለ ነበር ነው።

ከዚያ በኋላ ዓይነቱ በዛ። እ.ኤ.አ. በ1966 ላርስ ኤሪክ ሊንድብላድ መንገደኞችን ወደ አንታርክቲካ ሲወስድ የተፈጥሮ ሳይንስ ባለሙያዎችን የጉዞው ምሰሶ አደረጋቸው። ዛሬ በዚያ አህጉር የሚሠሩ አስጎብኚ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1991 ባቋቋሙት ማኅበር ደንብ መሠረት፣ መንገደኛ ገለጻ ሳይሰማ ከመርከብ አይወርድም፤ ከፔንግዊኖች ምን ያህል መራቅ እንዳለበት፣ ጫማውን እንዴት አጽድቶ እንደሚወርድ አስቀድሞ ይማራል። እዚያ ንግግሩ የማስጠንቀቂያና የጥበቃ ሥራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1973 ካንቤራ የተባለችው መርከብ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ለማየት ወደ ምዕራብ አፍሪካ ባሕር ስትጓዝ ከተናጋሪዎቹ አንዱ የሳይንስ ጸሐፊው አይዛክ አሲሞቭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረችው ኩዊን ሜሪ 2 ደግሞ የሰማይን ከዋክብት በጣሪያ ላይ የሚያሳይ ፕላኔታሪየም ይዛ ትጓዛለች።

ጥራቱ ግን ከመርከብ መርከብ እጅግ ይለያያል። በአንዱ መርከብ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ባሕር ያጠና ምሁር ይናገራል፤ በሌላው ከመጽሐፍ የቀዳውን የሚያነብ ሰው ይቆማል። በሦስተኛው ደግሞ ስለ ወደቡ እናገራለሁ ብሎ የተነሣው ሰው ስለ ጌጣጌጥ ሱቆች ብቻ ተናግሮ ይወርዳል፤ ሥራው መንገደኛውን ወደ ሱቅ መላክ ነውና። ልምድ ያለው መንገደኛ ሦስቱን በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ይለያቸዋል።

መርከቡ ምን ያስተምረናል?

በመርከብ ላይ ያለው አድማጭ ፈተና የለበትም፤ ውጤት አይጠብቅም፤ ስሙን የሚጠራ የለም። ንግግሩ ካልጣመው ተነሥቶ ይወጣል፤ ከበሩ ውጭ ቡናና ፀሐይ ይጠብቁታል። እኛ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ግን ይህን አድማጭ አናውቀውም። ክፍላችን የሚሞላው ንግግራችን ጣፍጦ ሊሆን ይችላል፤ ተማሪው ባይመጣ ስለሚቀጣም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደ ሆነ ወንበሩ አይነግረንም። በመርከብ ላይ ወንበሩ ይናገራል፤ በሁለተኛው ቀን አዳራሹ ባዶ ከሆነ ተናጋሪው ዳግመኛ አይጋበዝም። በብዙዎቹ መርከቦች ለተጋባዡ ዋናው ክፍያ ጉዞው ራሱ ስለ ሆነ፣ አለመጋበዝ ቀላል ቅጣት አይደለም።

ደግሞም አድማጩ አላዋቂ አይደለም። ስለ መርከብ ሞተር የሚናገር ሰው ፊት ለፊት አርባ ዓመት በሞተር የሠራ መሐንዲስ ሊቀመጥ ይችላል። ስለ ልብ ሕመም የሚናገር ሰው የልብ ሐኪም ያገኛል። ጥሩ ተናጋሪ ይህን ያውቃልና ለጥያቄ ጊዜ ይተዋል፤ ከሚጠይቀውም ይማራል።

ከሁሉ በላይ ግን መርከቡ የዓይነትን ጥቅም ያውቃል። አንድ ሰው ምንም ያህል ሊቅ ቢሆን፣ ሰባት ቀን በተከታታይ ስለ አንድ ጉዳይ ከተናገረ ይሰለቻል። ስለዚህ ታሪክ፣ ሳይንስ፣ ኪነ ጥበብ፣ የወደቡ ገለጻ እየተፈራረቁ ይቀርባሉ። አንዱን ያልወደደ ሌላውን ይወዳል፤ ወፍ ለማየት የተሳፈረው ሰው ሳያስበው የሙዚቃ ታሪክ ሰምቶ ይወርዳል።

የእኛም ታሪክ አለን

ይህ ሁሉ የሌላ ሀገር ወሬ ብቻ እንዳይመስል ወደ ራሳችን ልመለስ። ከዩኒቨርሲቲ በፊትም በዚህ አካባቢ የንግግር ሥርዓት ነበረ። በሆሮ ጉዱሩ በምትገኘው በኦዳ ቡሉቅ ጥላ ሥር ሕዝብ ተሰብስቦ ሲመክር የተናጋሪ ተራ፣ የአድማጭ ክብር፣ የመልስ ጊዜ የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ የገዳን ሥርዓት በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያስገባ፣ ከመዘገበው ነገር አንዱ ይህ የመነጋገር ሥርዓት ነው ብዬ አምናለሁ።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተጀመረ። ዩኒቨርሲቲው ወደ ገጠር በግልጽ የወጣው ግን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኛውም በመምህርነት ያገለግል ነበር። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ኋላ በ15 የሀገሪቱ ቋንቋዎች ተካሄደ። እነዚህ ሦስት ሥራዎች የየራሳቸው ፖለቲካና የየራሳቸው ጉድለት ነበራቸው፤ ያ ሌላ ንግግር ይጠይቃል። ለዛሬ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሦስቱም የተማረው ሰው ወደ አድማጩ ሄዶ ተቀመጠ፤ ወር፣ መንፈቅ፣ ዓመት ቆየ።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ወደ ክልል መጥቷል። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. በነቀምቴ ተመሥርቷል። በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 መሠረትም የማኅበረሰብ አገልግሎት ከማስተማርና ከምርምር ጎን የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። መንገዱ አጥሯል፤ ግዴታው በሕግ ተጽፏል። የተጋባዥ ንግግራችን ግን አብሮ አድጓል ወይ?

ዛሬ እንዴት እንናገራለን?

በየከተማው የሚደረገውን ተጋባዥ ንግግር ለብዙ ዓመታት ተከታትያለሁ፤ የአብዛኛው ቅርጽ አንድ ነው። ሦስት ሰዎች የመክፈቻ ንግግር ያደርጋሉ። ጄኔሬተር ይነሣል፣ ፕሮጀክተር ይተከላል። ስላይዱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ተናጋሪው ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ ያነበዋል። «ጊዜው ስለ ሄደ ሁለት ጥያቄ ብቻ» ይባላል። ሻይ ይጠጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ የውሎ አበል ይፈረማል። በሪፖርቱም ላይ «ለይህን ያህል ሰዎች ግንዛቤ ተሰጥቷል» ተብሎ ይጻፋል።

ዓይነቱም እንዲሁ ጠባብ ነው። ለገበሬ ስለ ማዳበሪያ፣ ለእናቶች ስለ ንጽሕና፣ ለወጣቶች ስለ ሥራ ፈጠራ። እነዚህ ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን በገጠር ከተማ የሚኖር ሰው ስለ ከዋክብት፣ ስለ ሀገሩ ታሪክ፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ሙዚቃ መስማት እንደማይፈልግ ማን ወሰነ? ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት የቀለበት ቅርጽ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ በምዕራብ ኢትዮጵያ አልፎ በላሊበላ በኩል ሄደ። ብዙዎቻችሁ የዚያን ጠዋት ብርሃን ታስታውሱ ይሆናል። በመርከብ የሚሳፈር ሰው ያን መሰል ነገር ለማየት ብዙ ገንዘብ ይከፍላል፤ የሥነ ፈለክ ምሁር አጠገቡ ቆሞ ያስረዳዋል። ለእኛ ሰማዩ ራሱ ደጃችን ድረስ መጣ። ዘመኑ የኮሮና ስለ ነበር መሰብሰብ አይቻልም ነበር፤ ግርዶሽ ግን ያን ቀን ብቻ የሚነገርበት ጉዳይ አይደለም። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ ሊነገርበት ይችል ነበር። ጨረቃ ለምን ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ሳትሸፍን ቀለበት ትታ እንዳለፈች መጠየቅ የዚህ ከተማ የስምንተኛ ክፍል ተማሪም መብቱ ነው። መልሱም አጭር ነው፦ ጨረቃ በዚያ ቀን ከምድር ራቅ ብላ ስለ ነበር ከፀሐይ አንሳ ታየች።

የማንጎው ዛፍ

የጥራትን ጉዳይ በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2010 በዚሁ በምሥራቅ ወለጋ፣ በጉቶ ጊዳ ወረዳ፣ ሎኮ በተባለው ቦታ፣ በኢትዮጵያ ከዚያ በፊት ያልታወቀ የማንጎ ተባይ ተገኘ። በቅጠሉና በፍሬው ላይ እንደ ነጭ ቅርፊት ተለጥፎ ጭማቂውን የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት ነው። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ቅርንጫፉ ይደርቃል፣ ፍሬው ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ይወጣበትና ገበያ የሚገዛው ይጠፋል። ከዚያ ወዲህ ተባዩ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛምቷል።

ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት ከተማ ስለዚህ ተባይ የተደረገ ንግግር ሰምቼ ነበር። ተናጋሪው ጉዳዩን በሚገባ ያጠና ሰው ነው። የነፍሳቱን የላቲን ስም፣ የዕድገት ደረጃዎቹን፣ በየትኞቹ ሀገሮች እንደሚገኝ ነገረን። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ የነገርከን ሁሉ መልካም ነው። እኔ በጓሮዬ አባቴ የተከለው ማንጎ አለኝ። ልቁረጠው ወይስ ልተወው?» አሉት። ተናጋሪው ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት እንደሚያስፈልገው ገልጾ አመስግኖ ተቀመጠ። የሚያሳዝነው መልሱ እዚያው በስላይዱ ላይ፣ ከሠላሳኛው ገጽ በኋላ፣ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነበር፦ የረዘመውን ዛፍ ማሳጠር፣ የተጨናነቀውን ቅርንጫፍ ገርዞ ብርሃንና ነፋስ ማስገባት፣ የተጠቃውን ቅጠል ሰብስቦ ማስወገድ፣ ከተጠቃ አካባቢ ችግኝ አለማምጣት። ሽማግሌው የሚፈልጉት ይህን ነበር። ዛፉን መቁረጥም እንዲሁ መተውም የለባቸውም፤ መግረዝ ይችላሉ።

በዚያ አዳራሽ እውቀቱ አልጎደለም፤ እውቀቱ የተደረደረበት ቅደም ተከተል ግን ተናጋሪው ራሱ የተማረበት እንጂ አድማጩ የሚጠይቅበት አልነበረም። ምሁር ከስም ወደ ባሕርይ፣ ከባሕርይ ወደ መፍትሔ ይሄዳል። ማንጎው የታመመበት ሰው ከዛፉ ተነሥቶ ወደ ስሙ ይሄዳል፤ ስሙንም የሚፈልገው ካስፈለገው ብቻ ነው። የመርከብ ተናጋሪ ይህን ቢያጠፋ አድማጩ ተነሥቶ ይወጣል። ሽማግሌው ግን ጨዋ ስለሆኑ እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። እኛም ጨዋነታቸውን ከእርካታ ቆጥረን ሪፖርት ጻፍን። በገጠር የተጋባዥ ንግግር ጥራት የማይሻሻልበት ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ሕዝባችን እንግዳን አያሳፍርም። አዳራሹ ባዶ አይሆንም፣ ማንም አቋርጦ አይወጣም፣ ስለዚህ ተናጋሪው መውደቁን ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ቋንቋ

ወደ ቋንቋው እንመለስ። ከመቶ ዓመት በፊት በነቀምቴ ያስተምር የነበረው ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር በመሆን መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮ በነቀምቴ ተቀምጦ በዚያው ቋንቋ አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ያረፈውም እዚያው ነው። አስቴር ጋኖ ተረቶችን፣ ዘፈኖችንና ቃላትን ስትሰበስብ የሠራችው ሥራ ለትርጉሙ መሠረት ነበር። የሁለቱን ሰዎች እምነት የሚጋራም የማይጋራም ሰው ይህን አንድ ነገር ሊቀበል ይችላል፦ ሊያስተምሩት ለሚፈልጉት ሕዝብ ከመናገራቸው በፊት፣ ሕዝቡ የሚናገረውን ሰበሰቡ።

እኛስ? ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ አስበን፣ በአማርኛ ተናግረን፣ ሕዝቡ በአፋን ኦሮሞ እንዲረዳን እንጠብቃለን። በሁለት ወንፊት ያለፈ እህል ምን ያህል ይቀራል? አስተርጓሚ መኖሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን አስተርጓሚው ንግግሩን በዚያው ጠዋት ከመስማት ይልቅ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ሊያገኘው ይገባል። ከዚያም የሚሻለው ቋንቋውን የሚናገረው ባልደረባችን ራሱ ተናጋሪ ሆኖ እንዲመጣ ነው። አፋን ኦሮሞ የሚናገር የሥነ ፈለክ፣ የሕግ፣ የአፈር ሳይንስ ምሁር ዛሬ ብርቅ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያስተረጉመው እርሱ፣ የሚናገረው ሌላው መሆኑ ነው ብርቁ።

መርከቡ የማይሰጠን

እስካሁን መርከቡን አመሰገንሁት። ይሁን እንጂ እንዳለ ልንቀዳው አንችልም፤ ልንቀዳውም አይገባም።

የመርከብ ተናጋሪ ዋና ግዴታው ማስደሰት ነው። አከራካሪ ነገር ይሸሻል፤ መንገደኛው ለዕረፍት የመጣ ስለሆነ ከእራት በፊት እንዲያዝን አይፈለግም። ንግግሩም ወደቡ ላይ ያበቃል፤ አድማጩ ነገ ሌላ ሀገር ነው። የሰማው ነገር ቢሳሳት የሚከስረው ትንሽ ነው። በጊዳ አያና ግን አድማጩ በሰማው ነገር ላይ ተመሥርቶ ይዘራል፣ ይገርዛል፣ ይከሳል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ይልካል ወይም ያስቀራል። በመርከብ ላይ የሚሳሳት ተናጋሪ አንድ ከሰዓት በኋላ ያባክናል፤ እዚህ የሚሳሳት ተናጋሪ የሰው የአንድ ዓመት መኸር ሊያባክን ይችላል።

ሌላም አለ። ይህ አካባቢ በቅርብ ዓመታት በግጭትና በመፈናቀል ብዙ መከራ አይቷል። በዚህ ውስጥ ያለፈ ሰው ከውጭ የመጣ ተናጋሪ ሲያይ፣ «ይህ ደግሞ ምን ሊለን መጣ?» ቢል አይፈረድበትም። ብዙ ሰው መጥቶ፣ ብዙ ተናግሮ፣ ሄዷል። ስለዚህ እዚህ የጥራት የመጀመሪያው መለኪያ መታመን ነው፤ መታመን ደግሞ በአንድ ሰዓት ንግግር አይገኝም።

አባቶቻችን እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይላሉ። ይህ የተነገረው ለእንግዳው እንዳይቆይ ለመምከር ነው። ለተጋባዥ ተናጋሪ ግን ምክሩን ገልብጬ እሰጠዋለሁ፦ መዳብ እስክትሆን ተመላለስ። ወርቅ የሆነውን እንግዳ ሕዝቡ አክብሮ ይሰማዋል፤ መዳብ የሆነውን ግን ይጠይቀዋል፣ ይከራከረዋል፣ «ያልከው አልሠራም» ይለዋል። እኛ የምንፈልገው ይህን ነው።

ምን እናድርግ?

ለዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ ብዙ በጀት አይጠይቅም።

አንደኛ፣ ርእሱን አድማጩ ይምረጥ። ከመምጣታችን በፊት ዐሥር ርእሶች ያሉት ዝርዝር ለትምህርት ቤቱ፣ ለቀበሌው፣ ለእድሩ እንላክ፤ ከዐሥሩ ቢያንስ አራቱ ከግብርናና ከጤና ውጭ ይሁኑ። የሚመርጡት ሊያስደንቀን ይችላል።

ሁለተኛ፣ መድረኩን ከዐዋቂ ነዋሪ ጋር እንካፈል። ስለ አቀንጭራ የሚናገር ምሁር በማሽላው ማሳ አቀንጭራን ሠላሳ ዓመት ሲነቅል ከኖረ ገበሬ ጎን ይቀመጥ። ምሁሩ የአንዱ አቀንጭራ ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ የማሽላውን ሥር እንደሚጠብቅ ያውቃል፤ ገበሬው በየትኛው ማሳ፣ በየትኛው ዓመት፣ ከምን ሰብል በኋላ እንደሚብስ ያውቃል። ንግግሩ የሚሞላው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

ሦስተኛ፣ የጊዜው ግማሽ የጥያቄ ይሁን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ሀገር ጄምስ ስቱዋርት የተባለ የካምብሪጅ መምህር በሮችዴል ከተማ ለሠራተኞች ያስተምር ነበር። አንድ ቀን ሥዕላዊ መግለጫዎቹን በአዳራሹ ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀሉ ትቷቸው ሄደ። ሠራተኞቹ በሳምንቱ ውስጥ እየመጡ ሲያዩአቸውና ሲከራከሩባቸው ሰነበቱ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቀደም ብሎ መጥቶ ጥያቄያቸውን እንዲመልስ ለመኑት። ካምብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1873 ከግቢው ውጭ ላሉ ከተሞች በይፋ የጀመረው ትምህርት፣ ከንግግሩ ጋር የመወያያ ክፍለ ጊዜን የያዘው ከዚህ ልምድ ተነሥቶ ነው። ለእኛ ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ከሄድን በኋላ በግድግዳው ላይ የሚቀር ነገር እንተው። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ከአርባ ስላይድ ይበልጣል።

አራተኛ፣ አድማጩ ይመዝነን። መርከቡ የአድማጩን አስተያየት በወረቀት ይሰበስባል። እኛ ጨዋነትን ከእርካታ የሚለይ መንገድ ያስፈልገናል። ከንግግሩ ከሦስት ወር በኋላ አንድ ተማሪ ተመልሶ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፦ ከሰማችሁት ምን ታስታውሳላችሁ? ምን ሞከራችሁ? ተናጋሪው ተመልሶ ቢመጣ ትመጣላችሁ? የተናጋሪው ሪፖርት ከዚያ በኋላ ይጻፍ።

አምስተኛ፣ የንግግር ቀን ስንመርጥ የእናንተን የጊዜ ሰሌዳ እናክብር። በገበያ ቀን፣ በአጨዳ ሳምንት፣ በለቅሶ ቀን ሰው ሰብስቦ «ተሳትፎው ዝቅተኛ ነው» ማለት ነውር ነው።

ለተማሪዎች ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ከእናንተ ብዙዎቹ ነገ መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ የግብርና ሠራተኛ፣ ጠበቃ ትሆናላችሁ። በክፍል ውስጥ ያለው አድማጭ ምልክት ያስፈልገዋልና ይታገሣችኋል። እውቀታችሁ የሚፈተነው ምንም የማያስፈልገው ሰው ፊት ስትቆሙ ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ከፈታኞቹ በፊት ለአክስታችሁ፣ በራሷ ቋንቋ፣ በሩብ ሰዓት ለመንገር ሞክሩ። ሁለት ጊዜ ካዛጋች ችግሩን አክስታችሁ ላይ አትፈልጉ።

ጊዜዬ አልቋል። ለማጠቃለል፣ የተጋባዥ ንግግር ጥራት በተጋባዡ ማዕረግ አይለካም፤ ዓይነቱም በመምሪያዎች ብዛት አይቆጠርም። አድማጩ ንግግሩን ከመስማቱ በፊት ያልነበረው ጥያቄ ወይም ያልነበረው መልስ ይዞ ከሄደ ንግግሩ ተሳክቷል። መርከቡ ይህን የተማረው ባዶ ወንበር እያየ ነው። እኛ ባዶ ወንበር የማያሳየን ጨዋ ሕዝብ ስላለን፣ በሌላ መንገድ መማር አለብን፤ እየጠየቅን።

ስለዚህ ዛሬ ከሁለት ጥያቄ በላይ እቀበላለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት የእናንተ ነው። በየትኛውም ቋንቋ ጠይቁ፤ ያልገባችሁን ብቻ ሳይሆን ያልተስማማችሁበትንም ንገሩኝ። ከሽማግሌዎቹ እንጀምር።